ገና ያልቀዘቀዘው የእትዬ ዱቄት እቶን

በዚህ ዕለት የምንሸኛቸው እናታችን፣ እኅታችንና አክስታችን እትዬ ዱቄት፣ ከጉድጓድ ቆፋሪው አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው በመጋቢት ወር 1939 ዓ.ም. ከኮረብታው ሥር ባለችው ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። ከሦስት ዓመት በኋላ የተወለዱት አንድ ወንድማቸው በሹፌርነት ኖረው ጡረታ የወጡት አባታችን ናቸው። ይህን ታሪክ የጻፍነው እኛ የወንድም ልጆቻቸው ስንሆን፣ ያላየነውን ከጎረቤታቸው ከአናጺው ጠይቀን አሟልተናል። ያላየነው ብዙ መሆኑን ስንጽፍ ነው የታወቀን።

ዱቄት የተባሉት ወፍጮ ቤት ኖሯቸው አይደለም። አዲስ የተመደበ ፖስተኛ አንድ ቀን ደብዳቤ ይዞ ሲመጣ ከፀጉራቸው እስከ ጫማቸው ነጭ አቧራ ለብሰው አገኛቸውና፣ "እትዬ፣ ዛሬ ዱቄት አለ?" ብሎ ጠየቃቸው። እሳቸውም ፈገግ ሳይሉ፣ "አለ፤ ጋግረህ ከበላኸው ግን ጥርስህን ለቅመህ ነው የምትሄደው" አሉት። ፖስተኛው ወሬውን ከደብዳቤው ጋር ቤት ለቤት አደለው፤ ስሙም በዚያው ጸና።

ነጩን አፈር ያገኙት አባታቸው ናቸው። ውኃ ፍለጋ አሥራ አንድ ክንድ ቆፍረው ከውኃ ይልቅ ነጭ አፈር ቢያጋጥማቸው ተናደው አካፋቸውን ወረወሩ ይባላል። ያ አፈር ከሌላ ዓይነት ድንጋይ ጋር ተፈጭቶ፣ ታጥቦና ተቦክቶ ፖርሴሊን እንደሚሆን የነገሯቸው ኋላ የመጡ ባለሙያዎች ነበሩ። ብዙ ሳይቆይ በዚያው ቦታ አሥራ ሁለት ሠራተኞች በማኅበር የሚያስተዳድሩት፣ ስኒና ሳህን በእጅ የሚሠራበት ቤት ተከፈተ።

እትዬ ዱቄት እስከ ስምንተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ በ1955 ዓ.ም. በአሥራ ስድስት ዓመታቸው እዚያው ተቀጠሩ። የመጀመሪያዎቹን ሰባት ወራት ጭቃ ከማሸት በቀር ሌላ ነገር እንዲነኩ አልተፈቀደላቸውም። ጭቃውን እያሽከረከረ ቅርጽ ከሚያስይዘው መንኮራኩር ፊት የተቀመጡት በስምንተኛው ወር ነው። የፖርሴሊን ጭቃ ቂመኛ መሆኑን የተማሩትም ያኔ ነበር። ስኒውን ሲያነሱት ትንሽ ካጣመሙትና መልሰው ካቀኑት፣ ዝም ይላል፤ ይደርቃል፤ እሳት ውስጥ ሲገባ ግን ያችኑ ጥመት አስታውሶ እንደገና ይጣመማል። ይህን ለሰው ሁሉ ይነግሩ ነበር፤ የነገሩት ሰው ከጭቃው ይልቅ ስለ ዘመዶቹ እያሰበ ይሄድ ነበር።

በ1961 ዓ.ም. የእቶኑን እሳት ጠባቂ አገቡ። ባለቤታቸው በትንሿ ቀዳዳ አጮልቀው የእሳቱን ቀለም ብቻ አይተው እንጨት ጨምሩ ወይም ተዉ የሚሉ፣ ከእሳት በቀር ለማንም ብዙ የማይናገሩ ሰው ነበሩ። በ1964 ዓ.ም. አንድ ልጃቸውን ወለዱ።

ሥራ ቤቱ አንድ ልማድ ነበረው። እቶኑ ከተዘጋ በኋላ አምስት ቀን መቀዝቀዝ አለበት፤ ቸኩሎ የከፈተ ሰው ዕቃውን ሁሉ ይሰነጥቀዋል። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ሠራተኛው በሙሉ ቤተሰቡን ይዞ ይመጣል፤ በሩ የተደፈነበት ጡብ አንድ በአንድ ይነሳል። ቀዝቃዛው አየር ሲገባ ስኒዎቹ በቀጭን ድምፅ ይጮሃሉ። ትን ይላል ከላይ፤ ትን ይላል ከታች፤ ከመደርደሪያ መደርደሪያ ይቀባበሉታል። ይህ ሩብ ሰዓት ያህል ይቆያል፤ ከዚያ ዝም ብለው ዕቃ ይሆናሉ። እትዬ ዱቄት በሕይወታቸው ከሁሉ የሚወዱት ይህን ሩብ ሰዓት ነበር፤ እሱንም ቢሆን ከሰው ጋር ሲሰሙት።

በ1976 ዓ.ም. አፈሩን የሚያጥቡበት ምንጭ ደረቀ። ኮረብታው በዚያን ጊዜ ተላጭቶ ነበር፤ እቶኑ በዓመት ስምንት ጊዜ ይነድዳል፣ አንዱ የእሳት ንዳድ ደግሞ አርባ ዛፍ ይበላል። ውኃ በበርሜል ከሩቅ መቅዳት ተጀመረ። ባለቤታቸው "ዛፍ እንደሆነ ይበቅላል" ቢሏቸው፣ "ይበቅላል፤ እኛ መች ጠበቅነው?" አሉ። ነገሩ በዚያው እንደተንጠለጠለ ባለቤታቸው በ1978 ዓ.ም. በልብ ሕመም አረፉ።

በማግስቱ ዓመት እትዬ ዱቄት የማኅበሩ ሊቀመንበር ሆነው ሲመረጡ ያወጡት ደንብ፣ ዛሬ ለምናወራው ሁሉ መነሻ ነው። እቶኑ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ይነድዳል። የሚነደውም የወደቀ ቅርንጫፍ፣ ከአትክልት ቦታዎች የተገረዘ እንጨትና ከአናጺው ቤት የተረፈ ቁራጭ ነው። አፈር የታጠበበት ውኃ አይደፋም፤ በሦስት ጉድጓድ እየጠለለ መልሶ ያጥባል። ያልተሳካ ዕቃ ሳይተኮስ ከሆነ ወደ ጭቃው ይመለሳል፤ ተተኩሶ ከሆነ ተወቅጦ ይቀላቀላል። ከሁሉም በላይ፣ የእቶኑ አሥራ አራቱም መደርደሪያ ካልሞላ እሳት አይለኮስም፤ ባዶ ቦታ ለማሞቅ እንጨት ማቃጠል ነውር ነው።

ደንቡ ሠራ፤ ሰው ግን በዓመት አንድ ንዳድ በሚያስገባው ገንዘብ አይኖርም። ሠራተኞቹ አንድ በአንድ ወደ አዲሱ ፋብሪካ ሄዱ። በመጨረሻ በ1981 ዓ.ም. የሄዱት፣ ለአሥራ አራት ዓመት ከጎናቸው ተቀምጠው ስኒ ላይ አበባ ሲሥሉ የነበሩት ሴት ናቸው። ሲሰናበቱ፣ "እትዬ፣ ለዛፉስ እርስዎ አዘኑለት፤ ለእኔ ማን ይዘንልኝ?" አሏቸው። እትዬ ዱቄት ይህን ነገር ለእኛ ሲያወሩ ሁልጊዜ የሚጨርሱት "እውነቷን ነው" ብለው ነበር፤ ደንቡን ግን አልለወጡም። ከዚያ ወዲህ የሠሩት ስኒ ሁሉ ያለ አበባ፣ ነጭ ብቻ ነው። ብዙ ሰው ዘመናዊ ውበት ይመስለዋል። ሥዓሊዋ ስለሄዱ ነው።

ልጃቸው አብሯቸው እስከ 1986 ዓ.ም. ቆየና እሱም ፋብሪካ ገባ። እዚያ የሚወጣው የእጅ መታጠቢያና የመጸዳጃ ቤት መቀመጫ ነው። እሳቸው ሥራውን ንቀውበት አያውቁም፤ ባመጣላቸው መታጠቢያ ላይ ዕድሜ ልካቸውን እጃቸውን ታጥበዋል። የተቃቃሩት በትንሽ የጋዝ እቶን ነው። ገዝቶ ሊተክልላቸው በመጣ ጊዜ፣ "እማዬ፣ በሳምንት አንዴ ታነጂበታለሽ፤ ሰውም ይመለሳል" አላቸው። እሳቸው ደግሞ ትንሽ እቶን ለአንድ ስኒ የሚያቃጥለው ከትልቁ እንደሚበልጥ አስልተው አሳዩት። ሰው ይመለሳል ያለውን የሰሙት አልመሰለውም። ሰምተውት ነበር፤ ለአናጺው በዚያው ሳምንት ደጋግመው አንስተውታል። ልጃቸው የጋዙን እቶን ጭኖ ሄደ፤ ለአዲስ ዓመትና ለሕመም ካልሆነ በቀር አልተመላለሰም።

በ1993 ዓ.ም. ምንጩ ተመለሰ። ኮረብታው ዛሬ እንደምታዩት ለምለም ነው፤ በትከሻቸው ውኃ ተሸክመው ያጸደቁት እሳቸው ናቸው። ሊጎበኙ የመጡ ባለሥልጣናት የምስክር ወረቀት ሰጥተዋቸዋል፤ ወረቀቱን የጭቃ ባልዲ መክደኛ አድርገውት አግኝተነዋል። ዛፉም ውኃውም ተመለሰ፤ ሰው አልተመለሰም።

አሥራ ሁለት ሰው ይሞላው የነበረውን እቶን ብቻቸውን በአሥራ አንድ ወር ይሞሉት ነበር። ለንዳዱ ሁለት ቀን አናጺውና አንድ የቀን ሠራተኛ ያግዟቸዋል፤ ጡቡ ሲደፈን እነሱም ወደየሥራቸው ይሄዳሉ። ከዚያ እትዬ ዱቄት ለእያንዳንዳችን መልእክት ይልኩ ነበር፤ ቀድሞ በደብዳቤ፣ ኋላ በስልክ። መልእክቱ ተለውጦ አያውቅም። "ቅዳሜ እከፍታለሁ።" ሌላ አይጨምሩም፣ አይለምኑም።

ከ1987 እስከ 2015 ዓ.ም. ሃያ ዘጠኝ ጊዜ ከፍተዋል። እኛ የሄድነው ሁለቴ ነው፤ ሁለቴም አርፍደን። ስንደርስ ስኒዎቹ ቀዝቅዘው በጠረጴዛ ላይ ተሰልፈው ነበር፤ "ትንሽ ቀደም ብትሉ…" አሉን። በሌላው ዓመት አንዱ ፈተና አለበት፣ አንዱ መኪናው ይበላሻል፣ አንዷ እንግዳ ይመጣባታል። ከሳምንት በኋላ ስኒው በጋዜጣ ተጠቅልሎ በፖስታ ይደርሰናል። በየቤታችን ጠዋት ጠዋት የምንጠጣው በእሳቸው ስኒ ነው፤ ለሰውም "አክስታችን የሠሩት ነው" እያልን እንኩራራበታለን። ድምፁ ግን በፖስታ አይላክም።

በ2014 ዓ.ም. ሐኪም የነጩ አፈር አቧራ ሳንባቸው ውስጥ እንደገባ ነግሯቸው ሥራውን እንዲተዉ አዘዛቸው። "ውስጤ ድረስ ገብቶ አሁን ብተወው ይቀየመኛል" ብለው ሐኪሙን አስቀውታል። ትንፋሽ ግን አጠራቸው። ቀድሞ በቀን አሥር ስኒ የሚሠሩት ሴት ወደ ሦስት፣ ወደ ሁለት ወረዱ። በ2016 ዓ.ም. ዘጠኝ መደርደሪያ ላይ ቆሙ፤ እቶኑ ስላልሞላ አልለኮሱትም።

በዚያ ዓመት አልደወሉም። ከመካከላችንም "ዘንድሮ ምነው ዝም አሉ?" ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው የለም። ይህን እዚህ ላይ የምንጽፈው አናጺው ስለነገሩን ነው። ያንን ወር ሙሉ ስልካቸውን ቻርጅ አድርገው በሥራ ልብሳቸው ኪስ ይዘው ይውሉ ነበር አሉን። አፍረናል።

ዘንድሮ በአምናው ዘጠኝ ላይ አራት ጨምረው አሥራ ሦስት መደርደሪያ ሞሉ። አንድ ጎደላቸው፤ እጃቸውም ከዚያ በላይ እምቢ አለ። ባለፈው ሳምንት ወደ ጓዳቸው ገብተው የሚበሉበትን ሳህን፣ የሚጠጡበትን ስኒ፣ የባለቤታቸውን ብርጭቆ መሰል ረጅም ዋንጫ ሳይቀር አንድ በአንድ እያወጡ አሥራ አራተኛው መደርደሪያ ላይ ደረደሩት። ፖርሴሊን ሁለተኛ እሳት ይችላል፤ ደንቡም አልተጣሰም። ቅዳሜ ለኩሰው ሰኞ፣ ጥር 19 ቀን ደፈኑት፤ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ደወሉ። ለሁላችንም ያችኑ ቃል ነገሩን። እኛም እንደ ወትሮው "እንሞክራለን" አልን። "እሺ፣ ሞክሩ" ብለው ስልኩን ዘጉ።

እትዬ ዱቄት ረቡዕ፣ ጥር 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ከሰዓት በኋላ፣ ጀርባቸውን ለእቶኑ ሙቀት ሰጥተው እንደተቀመጡ በተወለዱ በ77 ዓመታቸው አረፉ። ያገኟቸው ቁራጭ እንጨት ሊያደርሱ የመጡት አናጺው ናቸው።

ትናንት ማታ ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ሰው ውኃ ሲጠይቅ ጓዳቸው ውስጥ አንድም መጠጫ አልተገኘም። ስኒ ሲሠሩ በኖሩ ሴት ቤት፣ ከሱቅ በተገዛ የፕላስቲክ ኩባያ ጠጣን። ከዘመድ አንዱ፣ እቶኑ ይከፈትና ዕቃው ይውጣ የሚል ሐሳብ አቀረበ። ልጃቸው ከተቀመጠበት ተነሥቶ በሩ ላይ ቆመ። "ማንም እቶኑን አይነካም። እማዬ አምስት ቀን ብላለች፤ አምስት ቀን ትጠብቃላችሁ" አለ። ማንም አልተከራከረውም፤ እሱም ሌሊቱን ከዚያ አልተነቃነቀም።

እትዬ ዱቄት የአንድ ልጅ እናት፣ የአንድ ወንድም እኅት፣ የአራት የወንድም ልጆች አክስት ነበሩ። ለነዚህ ሁሉ፣ ለአናጺው ጎረቤታቸው፣ እንዲሁም ዛሬ ከመካከላችን ቆመው ለሚያለቅሱት ለሥዓሊዋ መጽናናትን እንመኛለን። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ሰው በማይጠፋበት ቦታ ያሳርፍልን።

እቶናቸው አሁን ይህን ስናነብ ገና ትኩስ ነው። የሚከፈተው ከነገ ወዲያ ቅዳሜ፣ ጠዋት በአንድ ሰዓት ነው፤ ያረፈደ አይሰማውም። ስኒ አትያዙ። ወንበር ግን ይዛችሁ ኑ፤ በቤታቸው ያለው ሁለት ብቻ ነው።