የሉጥፊያ አሮጌ ኮምፒውተሮች

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ። እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? የሰኔ ጾም እንዴት ይዞሻል? ይህን የምታነብልሽ የኔነሽስ እንደምን አለች? እኔ ልጅሽ ማሩ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነኝ። የምንደዋወለው በኢንተርኔት ነበርና እሱ እዚህ ካርቱም ከተቋረጠ ወር ሊሞላው ነው። ድምፄ ሲጠፋብሽ ምን ምን እንዳሰብሽ ስለማውቅ፣ ወደ ጎንደር ለሚመለስ ሰው ይህን ጽፌ ሰጠሁት።

አሁንም ቡሪ የሚባለው ሰፈር ያለው ኮምፒውተር ቤት ነው የምሠራው። አለቃዬ ሉጥፊያ የምትባል ሱዳናዊት መሐንዲስ ናት። እማዬ፣ እንዲህ ያለ ጭንቅላት አይቼ አላውቅም! ሲቪል መንግሥት ይሰጠን ያሉት ሰልፈኞች በጥይት ከተበተኑ ወዲህ ልጆቻቸው የጠፉባቸው እናቶች በራችን ላይ ናቸው። ሰዎች ያን ቀን በስልክ የቀረጹትን ቪዲዮ ያመጡልናል፤ እኛም የሰው ፊት ያለበትን ምስል በፕሮግራም እየለየን እናሳያቸዋለን። ጎረቤታችን ጦይባም ልጇን ሀሰንን ትፈልጋለች። ዘመዶቿ ሞቷል ብለው ለቅሶ ሲቀመጡ እሷ እምቢ ብላለች።

ችግሩ መብራት ነው፤ በቀን ለሦስት ሰዓት ያህል ቢመጣ ነው። ሦስቱ ኮምፒውተሮቻችን ደግሞ የየራሳቸው ዘመን ናቸው፤ በዚያ ጊዜ የቪዲዮውን ሩብ እንኳ አይጨርሱም። ሉጥፊያ ስትለካ፣ ጊዜውን የሚበላው ምስሉን ከአንዱ የሜሞሪ ቦታ ወደ ሌላው መገልበጡ ሆኖ አገኘችው። እህል ከጎተራ እንደማውጣት በይው፤ አሮጌው ፕሮሰሰር በጣሳ፣ መካከለኛው በቁና፣ አዲሱ በጆንያ ይሸከማል። እኔ ጀግናው በጆንያ የሚያሸክመውን ትእዛዝ ጻፍኩና በአዲሱ ላይ ብቻ ሞከርኩት። በረረ! ጉራዬን ስነዛ ዋልኩ። በማግስቱ በሦስቱም ላይ ጫንኩት። አሮጌው ትእዛዙን ስለማያውቀው ገና ሲጀምር ቀጥ አለ። መካከለኛው ደግሞ እሺ ብሎ ተቀብሎ ውስጥ ለውስጥ ለሁለት እየከፈለ ስለሚሸከም ከበፊቱም ባሰ። ምን እንደነካቸው ስፈልግ መብራት ሄደ። ጦይባ ያን ቀን ምንም ሳታይ ተመለሰች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሉጥፊያ አልተቆጣችኝም። "ያላ ማሩ፣ ከማሸከምህ በፊት ጠይቀው" አለችኝ። አሁን ፕሮግራሙ ሲነሳ ፕሮሰሰሩን ምን እንደሚችል ይጠይቀዋል፤ ከዚያ የሚስማማውን መንገድ ይመርጥለታል። ሦስቱንም መንገድ ራሷ ጻፈቻቸው፣ እያንዳንዱንም በየኮምፒውተሩ ላይ ለካች። ይመስለኛል ማለት እሷ ዘንድ የለም። እኔ ይጣል ያልኩት አሮጌው እንኳ በእጥፍ ፈጠነ።

ማክሰኞ ዕለት ጦይባ ልጇን አየችው። እግሩ ተጎድቶ፣ ሁለት ሰዎች ደግፈው ካላክላ ወደሚባለው ሰፈር የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ሲያስገቡት ነበር። ምስሉን አትመን ሰጠናትና ካላክላን በር በበር ዞረች። ትናንት የማያውቁት ሰዎች ቤት ተኝቶ አገኘችው። ራሱን ተመትቶ ስለነበር ስሙን መናገር የጀመረው በዚህ ሳምንት ነው አሉ። መጥታ ሉጥፊያን አቅፋ ስታለቅስ፣ ሉጥፊያም "አልሐምዱሊላህ" ብላ አለቀሰች። ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ ቀጣይዋን እናት አስገባች።

እማዬ፣ ያን ሳይ ነው ብዕር ያነሳሁት። አንቺም በሰው በር ላይ እንዳትቆሚ፤ ልጅሽ አለ።

የኔነሽን ሳሚልኝ። ወንድሜን ጥጋቡን ትምህርቱን እንዳያቋርጥ ንገሪው። እትዬ አበባንና ጎረቤቱን ሁሉ በያሉበት ሰላም በይልኝ።

ልጅሽ ማሩ
ካርቱም፣ ቡሪ
ሰኔ ፳፩ ቀን ፳፻፲፩ ዓ.ም.