በአባዬ ደም ውስጥ ያልተገኘው

ሰኞ፣ ጥር ፲፬

ሚጡዬ፣ የኔ ቆንጆ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ስልክ ላይ "ለአባዬ መድኃኒቱ ለምን አልያዘለትም?" ስትዪኝ ዝም ያልኩት እሱ አጠገቤ ስለነበረ ነው። አሁን ልንገርሽ።

እማዬ ካረፈች ወዲህ እንዴት እንደሆነ ታውቂያለሽ። ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ የነዳ ሰው መስኮት ዳር ተቀምጦ አላፊ አግዳሚውን እንኳ አያይም። የአባዬ ሐኪም ለድብርቱ ኪኒን አዘዘችለት፤ ሁለት ወር ሙሉ ጠብ ያለ ነገር የለም። በሌላ ከመቀየሯ በፊት መድኃኒቱ ደሙ ውስጥ ምን ያህል እንዳለ ይለካ አለች። "በቂው መጠን ደሙ ውስጥ ካልደረሰ፣ ይሠራል አይሠራም ብለን መፍረድ አንችልም" አለችኝ።

ደሙን የቀዳሁት እኔው ነኝ፣ እዚያው በምሠራበት ላቦራቶሪ። ውጤቱን ሳይ ማሽኑ የተሳሳተ መስሎኝ ደግሜ ሠራሁት። የመድኃኒቱ ዱካ እንኳ የለም። በየጠዋቱ በእጄ እየሰጠሁት።

ቤት ገብቼ አጠገቡ ቁጭ አልኩ። "አባዬ፣ ደምህ አሳበቀብህ" አልኩት፣ ቀልድ ነገሩን የሚያቀልለው መስሎኝ። አልሳቀም።

"ምላሴ ሥር እይዘውና ስትወጪ እተፋዋለሁ" አለኝ።

"ለምን?"

"ልጄ፣ ይሄ ሐዘን ከለቀቀኝ ከእሷ ምን ይቀረኛል?"

እጁን ያዝኩት። በማግስቱ ግን ኪኒኑን ዋጠና "ለአንቺ ስል ነው" ብሎ አፉን ከፍቶ አሳየኝ።

አምስት ሳምንት ቆይቼ ባለፈው ሐሙስ እንደገና ለካሁት። መጠኑ ሐኪሟ የፈለገችው ላይ ደርሷል። "አሁን ተስፋ ማድረግ እንችላለን፤ ይድናል ብዬ ግን አልምልልሽም" አለችኝ። ለአባዬ ስነግረው ራሱን ነቀነቀና ተነሥቶ የእማዬን ቁም ሣጥን ከፈተ። ከሞተች ጀምሮ ማንም ነክቶት አያውቅም። ሹራቧን አውጥቶ ቀስ አድርጎ አጣጠፈው።

"ለሚጡ ላኪላት፤ እሷ ከእናቷ ምንም አልደረሳትም" አለኝ። ከዚያ አለቀሰ። ቀብሩ ላይ እንኳ ያላለቀሰ ሰው።

ሹራቡን ይዤ ሁለቴ ፖስታ ቤት ሄጄ ነበር፤ ሁለቴም ይዤው ተመለስኩ። ሽታዋ ገና አልለቀቀውም፣ ሚጡዬ። ትንሽ ቀን ታገሺኝ።

በወጣሽበት ሁሉ ደግ ሰው ይግጠምሽ፤ ክፉ አይንካሽ። የእኔን አታስቢ፣ ሥራው ይዞኛል።

ታላቅ እህትሽ