ሰባት ቤት ከነሞታቸው

ሰኞ፣ ኅዳር 16፣ ጠዋት 2 ሰ.

ብዕሩን የያዘችው ስንዱ ናት፣ የልጄ የታከለ ሚስት። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምራለች። እኔ ገላው ወርቁ ፊደል አልቆጠርሁም፤ አላፍርበትም። እኔ የቆጠርሁት ሰው ነው።

እንግዲህ አንተ ደብተር፣ ስማ። ወድጄ አልመጣሁብህም። የጤና ጣቢያው ነርስ ነው ያዘዘብኝ። የበሉትን፣ የጠጡትን፣ የሄዱበትን፣ የተሰማዎትን በየቀኑ ያስጽፉ አለኝ። ጢም ያላወጣ ልጅ። እሺ። የበላሁት፦ ምንም፣ ጾም ነው። የሄድሁበት፦ እስከ አጥሩ። የተሰማኝ፦ ንዴት።

ስኳር አለብዎት አለኝ። እኔን! ስኳር የቦርጫም በሽታ ነው፣ ወንበር ላይ የሚውል የከተማ ሰው በሽታ። እኔ እንደ ሞፈር የደረቅሁ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ከጉና ሥር ዳገት ስወጣና ስወርድ ኖርሁ። ግን ጣቴን ወግቶ አየ፤ ሌላ ቀንም ጠርቶ ወግቶ አየ። የእግሬ ቁስል አልድን ያለውም በሱ ነው አለ።

እግሬ እስኪድን ተብሎ ይኸው ንፋስ መውጫ ልጄ ቤት ተቀምጫለሁ። ሲሚንቶ ላይ። አውድማው ያለ እኔ እየተወቃ።

ታከለ ስኳሩን አያውቅም። እሾህ ወጋኝ ብዬዋለሁ። የምታውቀው ሐኪም ዘንድ የወሰደችኝ ስንዱ ብቻ ናት። ትንፍሽ ብትል በዚህ እግሬ አገሬ እገባለሁ ብያታለሁ። ይህንንም ጻፊ።

ብዙ እናገራለሁ፣ ጥቂት ትጽፋለች። አሳጥራለሁ ትላለች። ትስረቀኝ እንጂ ምን አደርጋለሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 18፣ ከቀኑ 10 ሰ.

ዛሬ ወደቅሁ። ቤ/ክ ግቢ ውስጥ፣ ሰው ፊት።

ኪኒኑን ጠዋት ከምግብ ጋር ነበር ያዘዘው። የነቢያት ጾም ነው፤ ጠዋት ምግብ ከየት ይመጣል? ኪኒኑን ዋጥሁ፣ ምግቡን ለዘጠኝ ሰዓት አቆየሁት። ቅዳሴው ሳያልቅ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ላብ አጠመቀኝ፣ ዓይኔ ጨለመ። ተሸክመው ደጀ ሰላም አስተኙኝ። አንዷ ሴት ለልጇ የያዘችውን ለስላሳ አፌ ውስጥ አፈሰሰችው። ተነሣሁ። ስኳር አለብዎት ይሉኛል፣ በስኳር ያነሡኛል። ይህ ምን ዓይነት በሽታ ነው?

የነፍስ አባቴ መጡ። ጠዋት ጠዋት እንድበላ ፈቀዱልኝ። እንደ አራስ! ከልጅነቴ ጀምሮ ጾም ሽሬ አላውቅም፣ አላደርገውም አልኋቸው። አለመታዘዝ ከመብላት ይከፋል አሉኝ። እሺ፣ እበላለሁ።

ለታከለ ፀሐይ መታቸው ተብሎ ተነገረው። ፀሐይ! ንፋስ መውጫ፣ በኅዳር ብርድ! አመነ። ሲፈልግ ሁሉን ያምናል።

ዓርብ፣ ኅዳር 20፣ ከቀኑ 9 ሰ.

የበላሁት፦ የገብስ ቂጣ፣ በጠዋት፣ በውርደት። የሄድሁበት፦ ጤና ጣቢያ፣ በእግሬ። ባጃጅ አልሳፈርም።

ነርሱ ዛሬ ስለ ዘሬ ጠየቀኝ። አገኘኝ! ማን መሆኔን አያውቅማ። በዚህ አገር ልጅ የሚድር ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚመጣው እኔ ዘንድ ነው። ሙሽሮቹ እስከ ሰባት ቤት እንዳይዛመዱ ቆጥሬ የምለይ እኔ ነኝ። ከአርብ ገበያ ይመጣሉ፣ ከወገዳ ድረስ ይመጣሉ። ወረቀት የለኝ፤ ሁሉም ጭንቅላቴ ውስጥ ነው። ቆጠርሁለት። ገላው ወርቁ፣ ወርቁ ፈንታ፣ ፈንታ እንግዳ እያልሁ፣ ከነወንድሞቻቸው ከነእኅቶቻቸው፣ እስከ ሰባት። አፉን ከፍቶ ሰማኝ።

ከዚያ በምን ሞቱ? አለኝ።

ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። አባቴ ወርቁ አውድማ ላይ ሳለ ምች መታው፣ አፉ ተጣመመ፣ ግማሽ ጎኑ ሞተ፣ ሳምንት አልቆየም። አያቴ ፈንታም እንደዚያው፣ በቅሎ ላይ እንዳለ። አክስቴ ዓይኗ ጠፋ፣ እግሯ ሸተተ። ወንድሜ አድማሱን ግን የአገር ቤት ጎረቤታችን ብሬ መድኃኒት አስነካው። ውኃ ጠጥቶ አይረካ፣ ሲሸና ይውላል፣ ሲሸና ያድራል፣ እየበላ ይከሳል። ደርቆ ሞተ። ሽንቱ ላይ ጉንዳን ይሰፍር ነበር፤ ይህ የመተት ምልክት ነው ያሉን አዋቂ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ከብሬ ቤት ጋር እሳት አልተጫጫርንም።

ነርሱ መጻፉን አቆመ። ልጅ አለዎት? አለኝ። አንድ፣ ታከለ። ይምጣና ይታይ አለኝ። ስኳሩም ደም ብዛቱም በዘር ይሄዳል ይላል። ከቤተሰብ ሁሉንም አይዝም፤ ተቀምጦ የሚውለውን፣ ጣፋጭ ጨውና መጠጥ የሚያበዛውን ግን ቶሎ ያገኘዋል። ቀጭኑንም አይምርም፣ በኛ አገር ከገጠር የሚመጡብን ብዙዎቹ ቀጫጭኖች ናቸው አለ። ጠረጴዛውን መታሁት። የኛ አጥንት ንጹሕ ነው! አልሁት። የታከለን ልጅ እናንዬን የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ታኅሣሥ 5 ይመጣሉ። ዘራቸው በሽታ አለበት ከተባለ ማን ደጃችንን ይረግጣል?

ስወጣ ደጅ ማን ተቀምጧል? ብሬ። የግፊት ኪኒኑን ሊወስድ መጥቶ። ጩኸቴን ሁሉ ሰምቷል፣ ውሻ። ከስንት ዘመን በኋላ አፉን ከፈተብኝ፦

«አንተ ገላው! ወንድምህንስ እኔ ገደልሁት። አንተን ማን አስነካህ?»

ዱላዬን አነሣሁ። ስንዱ ያዘችኝ። ባትይዘኝ ኖሮ ዛሬ የሚጻፈው ሌላ ነበር።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 24፣ ጠዋት 1 ሰ.

የብሬ አፍ ከጆሮዬ አልወጣም። ይጥፋና።

ዛሬ በጠዋት ከታከለ እህል መጋዘን ጀርባ ዞርሁ። ታከለ ሱቁን ሲከፍት የሚሸናው እዚያ ነው፤ ስንቴ ተው ብዬዋለሁ። ግድግዳው ሥር ጉንዳን። ጥቁር መስመር ሠርቶ እንደ ገበያተኛ ይሄዳል፣ ይመጣል። ቆምሁ። በእግሬ በተንሁት። አፈር መለስሁበት። ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። ተመልሶ መጣ።

ብሬ እዚህ ግድግዳ ዘንድ ደርሶ አያውቅም።

ሌላ የምለው የለም። ለምን አቆምሽ? የለም አለ ብለሽ ጻፊ። ማልቀስሽን ትተሽ ጻፊ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 25፣ ከቀኑ 8 ሰ.

ለካ ስንዱ ቀድማኝ ጠርጥራለች። በልጄ ቤት፣ የገዛ ምራቴ ይህን ሁሉ ደብቃብኝ! ማን አስተማራት? እኔ።

የምትለው ይህ ነው። ታከለ ጀሪካን ውኃ አልጋው ሥር አስቀምጦ ይተኛል። ሱቅ ውስጥ ለስላሳ በለስላሳ ላይ ይጠጣል፣ ማታ ቢራ። ሚዛኑን ለማንበብ ዓይኑን ያጨነቁራል። ጫማው ከእግሩ ሲወልቅ አይታወቀውም። ሄደህ ታይ ብላ ለምናዋለች። ሽማግሌዎቹ ይምጡና ይሂዱ ይላታል፤ አሁን ታመመ መባል የልጄን ዕድል መዝጋት ነው ይላታል። ደግሞስ ይላታል፣ የኛ አጥንት ንጹሕ ነው፣ አባባ ቆጥረውታል።

የኔን አፍ ተውሶ!

ቦርጩ ሲወጣ ደስ ብሎኝ ነበር። ልጄ ተመቸው ብዬ ለሰው አሳይቼዋለሁ። አሁን ሳየው እንደታሰረ ከረጢት ነው፤ ውስጡን ነቀዝ ይብላው ምን ይብላው በምን ይታወቃል?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 28፣ ከቀኑ 11 ሰ.

ልነግረው ነበር። እውነቴን ነው።

ምሳ ላይ ለብቻችን ነበርን። ታከለ አልሁት። አቤት አባባ አለኝ። ቀና ሲል አድማሱን መሰለኝ፤ ያው ግንባር። ስለ ባጃጅ ተናገርሁ። ቤተ ክርስቲያኑ ከዚህ ይታያል፣ በሬ እንኳ ሳያርፍ ይደርሳል፤ እሱ ግን ባጃጅ ያስጠራል። ነዳጁ የርስዎ አይደለም አለኝ። አንተ ስትወለድ እግር አልነበረህም ወይ አልሁት። ሳህኑን ገፍቶ ወጣ።

ሰባት ቤት በአንድ ትንፋሽ የምቆጥር ሰውዬ አንዲት ቃል አቃተኝ። ጻፊው። እንዲያውም አትጻፊው። ጽፈሽዋል? ይሁን።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 1፣ ከቀኑ 7 ሰ.

የበላሁት፦ ቂጣ፣ ሽሮ፣ ጨው ሳይበዛ። ገለባ ገለባ ይላል። የሄድሁበት፦ ጤና ጣቢያ። ስኳሬ ወረደ አለ ነርሱ። ደስ ብሎት። አልሳቅሁለትም።

መንገድ ላይ ሳስበው መጣሁ። ስንዴ ላይ ዋግ እንዴት ነው የሚገባው? ዋግ የሚይዘው ዘር አለ። ዓመቱ ደረቅ ከሆነ ዘሩ ምንም ሳይመስል ያልፋል፤ ጉም የበዛ ዕለት ግን ያንን ዘር ለይቶ ቀይ ያደርገዋል። ገበሬ ግን ማሳዬ ተረገመ፣ ጎረቤቴ አየብኝ ብሎ ዝም አይልም። እየዞረ ያያል፣ ያርማል፣ የታመመውን ለይቶ ያጭዳል። ይህን እኔ አውቃለሁ። ለስንዴ የማውቀውን ለልጄ አላወቅሁም።

አድማሱን ብሬ አልገደለውም። ጻፍሽው? የእርሻ ድንበራችንን ግን ገፍቷል፤ እሱ እንዳለ ነው፣ አልምረውም። ዛሬም ጤና ጣቢያው ደጅ ተቀምጦ ነበር። አልፌው ስሄድ አልሰደብሁትም። ከኔ ይህ ብዙ ነው። እሱ የደነገጠ ይመስለኛል።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 3፣ ከቀኑ 11 ተኩል

እንግዲህ አንተ ደብተር፣ ስትበላኝ ከርመሃል፤ ዛሬ ትሠራልኛለህ።

ከነገ ወዲያ ሽማግሌዎቹ ይመጣሉ። እንደ ወጉ ቁጠር ይሉኛል። እቆጥራለሁ። ግን ከእንግዲህ ከነሞታቸው ነው የምቆጥር። ፈንታ እንግዳ፣ ግማሽ ጎኑ ሞቶ። ወርቁ ፈንታ፣ እንደዚያው። አድማሱ ወርቁ፣ በስኳር። ገላው ወርቁ፣ ስኳር አለበት፣ ኪኒን ይውጣል፣ ይኸው በእግሩ ይሄዳል። ከዚያ የነሱም አያቶች በምን እንደሞቱ እጠይቃለሁ። ሁሉንም አንድ በአንድ። ምች ቢሉኝ፣ መተት ቢሉኝ አልሰማም። ንጹሕ ቤት ካላቸው ያሳዩኝ!

ነርሱን ጠይቄዋለሁ። ልጅቱን በዚህ ምክንያት አልወስድም የሚል ቢኖር ሞኝ ነው አለኝ፤ የቤታቸውን ጠባይ የሚያውቁ ቀድመው ይጠነቀቃሉ አለኝ። ሞኝ ከሆኑ ደግሞ ይሂዱልኝ። እናንዬ ባል ሌላ ታገኛለች። አባት ሌላ አታገኝም።

ታከለ ላይ ስደርስ የምለውን ሁለት አድርጌ አዘጋጅቻለሁ። ነገ ጠዋት ሄዶ ታይቶ እንደሆነ፣ ታከለ ገላው፣ ያለበትን አውቆ የሚታከም ሰው እላለሁ። ካልሄደ፣ ታከለ ገላው፣ ፈሪ እላለሁ። ሽማግሌ ፊት። ሚስቱ ፊት። ከኔ በኋላ ቤቴን የሚቆጥር ሰው ሲመጣ የሱን በምን ሞተ ብሎ እንዲጠይቅ አልፈልግም። ከኔ ቀድሞ እንዳይቆጠር ነው የምፈልግ።

ቢሄድ አብሬው እሄዳለሁ። በባጃጁም ቢሆን። ይህንን አስምሪበት።

አሁን በሩን ወለል አድርገሽ ክፈቺው። ታከለ በረንዳው ላይ ነው፣ የቢራ ጠርሙሱ ድንጋይ ሲነካ ይሰማኛል። ፊት ለፊት ልነግረው አልቻልሁም፤ ለአገር ሁሉ ሲቆጥር የኖረ አንደበት እሱ ዘንድ ሲደርስ ይታሰራል። ካንቺ ግን የሚጠበቀው ማንበብ ነው። ከመጀመሪያው ጀምሪ። ስድቤን አታለስልሺ፣ ጉንዳኑን አትዝለዪ። ተነሥቶ ሊሄድ ቢል ድምፅሽን ከፍ አድርጊ።

አንብቢ።