ስለ ወልድያው ቤቴና ስለ መቃብሬ

እኔ ወልዱ ቦጋለ፣ ልቤ ቢደክምም አእምሮዬ ጤነኛ መሆኑን አራት ምስክሮች እያዩ፣ ዛሬ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ጉለሌ፣ አዲሱ ገበያ፣ በልጄ በሐመልማል ቤት ሆኜ ይህን ቃሌን አስጽፌአለሁ። ማንም አላስገደደኝም፤ ልጄ ቶማስ ግን ሞክሯል።

አንደኛ፤ ጦርነቱ ከወልድያ ሲያስወጣኝ ይዣት የወጣሁት የስፌት መኪና ለሐመልማል ትሁን። አንድም ቀን ፊቷን ሳታጠቁርብኝ አኑራኛለችና ከዚህ የሚበልጥ ይገባት ነበር፤ የለኝም።

ሁለተኛ፤ የወልድያው ቤቴ ለሁለቱ ልጆቼ እኩል ነው። ሆኖም ከወለጋ ከነልጆቿ የተፈናቀለች ረሂማ የምትባል ሴት ተጠልላበታለች። ሳታስፈቅደኝ ነው የገባችው። ተናድጄ ብደውልላት፣ «አባቴ፣ በሩን ተሰብሮ አገኘሁት፤ ዝናቡ ልጆቼን ሊጨርስብኝ ነው። ውጪ ካሉኝ እወጣለሁ» አለችኝ። ተፈናቅሎ በሰው ቤት መኖርን እኔም ስለማውቀው፣ ውጪ ለማለት አንደበቴ እምቢ አለኝ። ማንም ኪራይ እንዳይጠይቃት።

ሦስተኛ፤ ቀብሬ እዚሁ ጉለሌ ይሁን። ቶማስ በምስክሮቹ ፊት፣ «አባባ፣ ወልድያ እናታችን አጠገብ ካላረፉ ሰው ምን ይለናል? ቤቱን ለለቅሶው እናስለቅቃለን» ብሎ ተቆጥቷል። ከባለቤቴ አጠገብ ማረፍን ከእኔ በላይ የሚመኝ የለም። ነገር ግን አስከሬኔ ወልድያ ከገባ ለቅሶው በቤቴ ሊሆን ነው፤ ለቀስተኛ እንዲቀመጥ ረሂማና ልጆቿ ሊወጡ ነው። ቶማስ፣ ወልጄሃለሁና አውቅሃለሁ፤ አንዴ ከወጣች መልሰህ አታስገባትም። ይህን ያህል ሕዝብ ከቀዬው በተነቀለበት ዘመን፣ እኔ ሞቼ ሰው አላፈናቅልም።

ረሂማ አገሯ ሰላም ሆኖ፣ ማንም ሳይገፋት በገዛ ፈቃዷ የተመለሰች ዕለት፣ ቶማስ አጽሜን አፍልሶ ከእናቱ አጠገብ ያሳርፈኝ። ከዚያ በፊት መቃብሬን የነካ ልጄ አይደለም።

ይህ ቃል ለእኔና ለምስክሮቹ ተነቦ ልክ ሆኖ ስላገኘነው ፈርመናል። ቶማስ ወራሽ በመሆኑ ምስክር አልሆነም። ንባቡ ካለቀ በኋላ፣ «የረሂማ አገር፣ ወለጋ የቱ ጋ ነው?» ሲል ጠይቋል፤ ይህም እንዲጻፍ አዝዣለሁ።

ተናዛዥ፦ ወልዱ ቦጋለ (ፊርማ)
ምስክሮች፦ ዱጉማ ለሊሳ (ፊርማ)፣ ሸፊ ኑሕ (ፊርማ)፣ ሙሉእመቤት ኪሩ (ፊርማ)፣ ሉብና ሸፊ (ፊርማ)