አርፍዶ የገባ ጭብጨባ

ግንቦት 6፣ ሐሙስ

አሁንም አልሆነም። ስድስት ልጆች በስልክ አንድ ላይ ዘፈንን። ማለቴ፣ አንድ ላይ ሊሆን ታስቦ። እኔ ከፍኖተ ሰላም ሳጨበጭብ የሙሉቀን ጭብጨባ ከቡሬ አርፍዶ ይመጣል። የደምበጫዎቹማ ጭራሽ ዘፈኑ ካለቀ በኋላ ነው። ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ በረዶ! ጮህኩባቸው። ሁለቱ ዘግተው ወጡ።

ማስታወሻዬ፣ አትፍረጅብኝ። ት/ቤት በኮሮና ከተዘጋ ወዲህ የቀረን ይኼ ብቻ ነው። ለወላጆች ቀን የጀመርነው ሙዚቃዊ ድራማ እንዳይቀር ብለው መ/ር አበረ በስልክ እንሥራው አሉ። ሁሉም ከቤቱ ሆኖ ይቀረጻል፣ ሙሉቀን ያገጣጥመዋል፣ በቴሌግራም ይለቀቃል። አዘጋጅ እኔ። (ሌላ ማን ይችላል?)

ማታ። ሙሉቀን መላ አመጣ። ከበሮውን ብቻውን ቀርጾ ለሁላችንም ይልካል፤ እያንዳንዱ በጆሮ ማዳመጫ ከበሮውን እየሰማ ለብቻው ይዘፍናል። ጎበዝ ነው። አልነገርኩትም።

ግንቦት 9፣ እሑድ

ቤተክርስቲያን ከውጭ ተሳልሜ ስመለስ በእትዬ ትርንጎ ግቢ አለፍኩ። የውባለም ክፍል እንደተቆለፈ ነው። ውባለም ጓደኛዬ፣ የድራማችን ሙሽራ፣ ከሁላችንም ድምፀ መልካሟ። አገሯ ከማንኩሳ ወዲያ ነው። እዚህ እትዬ ትርንጎ ጋ ተከራይታ ነበር የምትማረው። ት/ቤት ሲዘጋ ባዶ የስንቅ ከረጢቷን አንጠልጥላ ወደ ገጠር ገባች።

እትዬ ትርንጎ ልጅቱ ትመለሳለች ወይስ ክፍሉን ለሌላ ልስጠው አሉኝ። ትመለሳለች አልኩ። አላመኑኝም መሰል፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ቁርጡን ንገሪኝ አሉ። ለምን እንደጠየቁ ገብቶኛል። ከክፍላችን ሁለት ሴቶች በዚህ መሀል ተድረዋል። ት/ቤት ከሌለ ቤት ቁጭ ብላ ምን ትሠራለች፣ ነው ነገሩ።

ግንቦት 12፣ ረቡዕ

ውባለም ደወለች። በወንድሟ ስልክ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ለእሷም ሽማግሌ ተልኳል።

አባቷ አያ ይበልጣል እሺም እምቢም አላሉም። ላስብበት ብለው ሸኝተዋቸዋል። እሷ መማር ነው የምትፈልገው፣ ግን አባቷ ፊት ቆማ ያንን የምትልበት አፍ የላትም። ድራማው ይቅርብሽ ይሆን ብላት ተቆጣችኝ። ከጠዋት እስከ ማታ የራሴ የምለው እሱን ብቻ ነው አለች። ከብቶቹ ከገቡ በኋላ ትለማመዳለች። የእናቷን የጥልፍ ቀሚስም ለሙሽራ ልብስ አግኝታለች።

በቀሚሱ ደስ አለኝ። በሽማግሌው ከፋኝ። ሁለቱም ባንዴ።

ግንቦት 17፣ ሰኞ

ጉድ ፈላ!

እነ ውባለም አገር ሠርግ ሲቃረብ፣ ከቀኑ በፊት ጀምሮ ማታ ማታ ከሙሽራዋ ቤት ዘፈን ይሰማል። መንደሩ ሠርግ መድረሱን የሚያውቀው በዚያ ነው። የእኛዋ ደግሞ በግንቦት፣ በሠርግ ወር፣ ሦስት ማታ በተከታታይ የሠርግ ዘፈን ለቀቀችበት! ከበሮው ያለው ጆሮዋ ውስጥ ነው። ጎረቤት የሚሰማው ዘፈኑን ብቻ። ከበሮ የሌለው ሠርግ ምን ዓይነት ነው? በበሽታው አሳበው ሰው ሳይጠሩ ሊድሯት ነው ተባለ። አንዷ ጎረቤት ተቀይማ ሰላምታ ነስታቸዋለች። ሌላዋ ደግሞ ለጠላው ይሆናል ብላ ጌሾ ወቅጣ አመጣች።

ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ከዚያ ውባለም ቀሪውን ነገረችኝ። ሽማግሌ የላኩት ሰዎችም ሰምተዋል። ለሌላ ተሰጠች ብለው ነገ ይመጣሉ።

ሳቄ ቆመ። አያ ይበልጣል ከሰዎቹ ልታረቅ ብለው ውሰዷት ቢሉስ? ዘፈኑን የመረጥኩት እኔ ነኝ። እራት አልበላሁም።

ግንቦት 18፣ ማክሰኞ

ኔትወርክ የለም። እናቴ ስልኩን አስቀምጪው ብላ ሽንኩርት አስላጠችኝ። ቢያንስ ለዕንባዬ ሰበብ አገኘሁ።

ግንቦት 19፣ ረቡዕ

ደወለች! እንደነገረችኝ ልጻፈው።

ሽማግሌዎቹ መጡ። እንደ ወትሮው ቤት አልገቡም። እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተው ተራርቀው ደጅ ቆሙ። ጎረቤቱ ከአጥር ወዲያ ጆሮውን ጥሏል። ለእኛ መልስ ሳይሰጡን እንዴት ለሌላ ይሰጣሉ አሏቸው። አያ ይበልጣል ክፉኛ ተነኩ። ቃላቸውን ለሁለት ሰው የሚሰጡ ሆነው ታዩ። ውባለምን ጠርተው ለማን እንደምትዘፍን ጠየቋት። ለት/ቤት ነው አለች። ማንም ያመነ አይመስልም።

ያን ጊዜ የጆሮ ማዳመጫውን አባቷ ጆሮ ውስጥ አስገባችላቸው። እኔ ብሆን አልደፍርም! አያ ይበልጣል የሙሉቀንን ከበሮ እስከ መጨረሻው ሰሙት። ከዚያ አውጥተው ወደ ሰዎቹ ዞሩ።

«ለማንም አልሰጠኋት። ይቺ ልጅ ተማሪ ናት። ትምህርቷን እስክትጨርስ በዚህ ነገር ደጄን የሚረግጥ እንዳይኖር!»

ያ ሁሉ ሰው እየሰማ። ውባለም «እኔ ልሙት፣ አባቴ በሰው ፊት ያሉትን አያጥፉም» ትላለች። ጌሾውም አልተመለሰም። ጎረቤትዋ ለምረቃዋ ይቀመጥ ብላለች።

አለቀስኩ፣ ያለ ሽንኩርት።

ግንቦት 26፣ ረቡዕ፣ ከሰዓት

እትዬ ትርንጎ ጋ ሄጄ ክፍሉን ለማንም እንዳይሰጡ ነገርኳቸው። ት/ቤት መቼ እንደሚከፈት ጠየቁኝ። እሱን አላውቅም፣ ሲከፈት ግን ትመጣለች አልኩ። መጥረጊያ ሰጥተው በሩ ሥር የተከመረውን ቅጠል አስጠረጉኝ።

ቤት ስደርስ ሙሉቀን የውባለምን ቀረጻ ልኮ ጠበቀኝ። የመጨረሻው የቀረን እሱ ነበር። ማታ ተደብቃ አይደለም፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ግቢያቸው መሀል፣ በጥልፍ ቀሚሷ። ድምፅዋ! ግን ከመሀል ጭብጨባ ገባ። ጠንካራ፣ የገበሬ እጅ። በየምቱ ያረፍዳል። አያ ይበልጣል ናቸው። ከበሮው እሳቸው ጋ የለም፣ የሚያጨበጭቡት ልጃቸውን እያዩ ነው።

ሙሉቀን ተጨንቋል። ላጥፋው ወይስ ድጋሚ ትቀረጽ ይላል። መ/ር አበረ አዘጋጇ ትወስን ብለዋል። በግማሽ ምት መዘግየት ስንቱን ልጅ ያስለቀስኩ እኔ መሆኔን ሁሉም ያውቃል።

ደግሜ ሰማሁት። ጻፍኩለት፦ እንዳትነካው። እንዲያውም የጭብጨባውን ድምፅ ትንሽ ከፍ አድርገው።