ወይዘሮ ኤልዳ የማይወዱት ሐልዋ

ለማከብርዎት እህቴ ለእትዬ ንግሥቴ፤

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ጎንደር ከደጃፍዎ ይድረስልኝ። እኔም ልጄ ሞሪያም የእስራኤል አምላክ ይመስገን ደህና ነን።

እዚህ ሐይፋ የማስታምማቸው አሮጊት፣ ወይዘሮ ኤልዳ፣ ዕብራይስጡ ጠፍቶባቸው የቀራቸው የልጅነታቸው ጣልያንኛ ብቻ ነው። ልጃቸው ኢታይ ደግሞ ጣልያንኛ አንድ ቃል አይሰማም። ስለዚህ እኔ ማታ ማታ ጣልያንኛ ትምህርት ቤት ገብቼ መማር ጀመርኩ። ያለፈውን ማውራት ቶሎ ገባኝ፤ "እንሄድ ነበር፣ እንበላ ነበር" ባልኩ ቁጥር ገበያ ውለን ስንመለስ እርስዎ ከፒያሳው ፎርኖ ይገዙልኝ የነበረው ትኩስ ዳቦ ይሸተኛል። ያስቸገረኝ የምወደውንና የምጠላውን መናገር ነው። መምህሯ "የምትጠዪው ምግብ ምንድን ነው?" ብትለኝ ደብተሬን ዘጋሁ። እህል ይጠላል እንዴ? እናታችን ቢሰሙ ምን ይሉኝ ነበር!

ወይዘሮ ኤልዳን ግን ጠየቅኋቸው። ለካ ኢታይ በየዓርቡ የሚያመጣላቸውን ሐልዋ የሚሉትን የሰሊጥ ጣፋጭ ከድሮም አይወዱትም! ብነግረው፣ "ይሄን ሁሉ ዓመት በግድ ሳጎርሳት ኖሬያለሁ?" አለ።

እኔም አንድ ቀን እንደ እሳቸው አማርኛ ብቻ ቢቀረኝ ብዬ ፈርቼ፣ እቤት እንደገባሁ ሞሪያን አስቀምጬ በአማርኛ አስደገምኋት፦ "እማዬ የገብስ ቂንጬ ትወዳለች። የተቀቀለ ካሮት ትጠላለች።" እሷ እንደ ልማዷ በዕብራይስጥ "ቤሰደር ኢማ፣ ቤሰደር"፣ እሺ እማዬ እሺ፣ እያለች ትስቃለች።

እትዬ፣ ስልክ ሲደውሉ በአማርኛ ብቻ ያናግሩልኝ። ካልገባት አይቆጡ፣ ደግመው ይንገሯት። ከምወደው ነገር የረሳሁት ካለም እርስዎ ይጨምሩላት።

ዓይንዎን ለማየት ያብቃኝ።

ታናሽዎ ባንቺአየሁ