ሳይቀረቀር ያደረው በር

ማርታዬ፣ የልጆቼ እናት፣

ከተለየሽን ስምንት ወር ሆነ። ስምንት ወር ሙሉ አንድ መስመር አልጻፍኩልሽም፤ ምን ብዬ ልጻፍ? ደህና ነን እንዳልል ደህና አይደለንም፤ ተጎዳን እንዳልል ደግሞ እኔ ምንም አይሰማኝም። እጄ ይሠራል፣ አፌ ይበላል፣ እኔ ግን የለሁም። ባለፈው ሳንቃ ስቆርጥ ጣቴን መጋዝ በልቶት፣ ደሙን ያየሁት ሰው ሲጮህብኝ ነው።

ቤቱ እንዳለ ነው። ያንን የሚያፈሰውን ቆርቆሮ ደፍኜዋለሁ፤ ዘንድሮ አልጋው ላይ አያንጠባጥብም። ጸሎት ቤታችን በመንግሥት እንደታሸገ ነው፤ አሁንም በየቤቱ እየተሰበሰብን ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እንጸልያለን። ሩት ስምንት ዓመቷን ይዛ ሦስተኛ ክፍል ገብታለች። ኢያሱ አምስት ሞላው፤ አገጩ ቁርጥ አንቺን ሆኗል።

አሁን የምነግርሽ ያጠፋሁትን ነው። ትቆጪኛለሽ፤ ተቆጪኝ።

ወንድምሽ ከአዲስ አበባ የላከው መልእክት የደረሰ ጊዜ የሰፈራችን ሽማግሌ ጋሽ ጴጥሮስ ገና ሳይነጋ አስጠሩኝና ቤታቸው መርዶሽን ነገሩኝ። ልትታከሚ በሄድሽበት ሐኪም ቤት አርፈሽ እዚያው ተቀበርሽ። ሦስት ቀን እሳቸው ዘንድ ተቀመጥኩ፤ ልጆቹ «አባታችሁ ካኮ ከተማ በር ሊሠራ ሄዷል» ተባሉ። ስመለስ ሁለቱም ደጃፉ ላይ ቆመው «እማዬስ?» አሉኝ። «ሐኪሞቹ ገና አልለቀቋትም፤ ስትድን በአውሮፕላን ትመጣለች» አልኳቸው። ከአፌ አመለጠኝ። ከዚያ ወዲያ መመለሻው ጠፋኝ። እንዳያውቁብኝ ብዬ ጥቁር አልለበስኩም፣ ጺሜንም አላሳደግሁም። እናትሽን፣ እኒያን ምስኪን፣ ልጆቹ ፊት እንዳያለቅሱ ብዬ ከሚኖሩበት ከገዘር አይምጡ አልኩ።

ብዙም ሳይቆይ ኢያሱን ሆዱን ያመው ጀመር። እኔ መቼም ልጅ ማስታመም እንደማላውቅበት ታውቂያለሽ። አንቺ ጆሮሽን ሆዳቸው ላይ ለጥፈሽ «ዝም በሉ፣ እያወራ ነው! ትናንት በቆሎው በዛብኝ ይላል» ስትያቸው ስቀው ሕመሙን ይረሱት ነበር። እኔም ጆሮዬን ለጠፍኩ። ሲጮህ ሰማሁ እንጂ ምን እንደሚል አላወቅሁም። ጤና አዳም አጠጣሁት፣ ዳማከሴ አሸሁት፣ የወስፋት መድኃኒት ሁለቴ ዋጠ። በመጨረሻ የጤና ጣቢያው ድሬሰር ራሱ ሰልችቶት «ልጅህ ምንም የለበትም» አለኝ። ከዚያ «ለመሆኑ የሚያመው በየትኛው ቀን ነው?» አለ።

ሳስበው አውሮፕላን በሚያርፍበት ቀን ነው። የማረፊያው ዘበኛ ከብቱን ከሜዳው ለማባረር ፊሽካውን ሲነፋ፣ ኢያሱ ያንን አንቺ የገዛሽለትን ነጭ ሸሚዝ ይለብስና አጥሩ ጋ ሄዶ ይቆማል። የወረደውን ሰው ሁሉ አንድ በአንድ ያያል። የአውሮፕላኑ በር ሲዘጋ ሆዱን ይዞ ወደ ቤት ይመጣል። ልጄን ያሳመምኩት እኔው ነኝ፣ ማርታ።

መኝታውም እንደዚያው ነው። ድሮ ጅብ ነበር የሚፈራው፤ ካንቺ ወዲህ የሚፈራው የበሩን መቀርቀሪያ ሆነ። «እማዬ መጥታ ብታንኳኳና ባንሰማትስ?» እያለ ያለቅሳል። ለጂንካ ሰው በር እየሠራሁ የምኖር ሰውዬ የራሴን በር ሳልቀረቅር ደፉ ላይ አንጥፌ ማደር ጀመርኩ። ሩት ደግሞ እሱ እንቅልፍ ሲወስደው ትመጣና ጆሮዋን ደረቴ ላይ አድርጋ ዝም ብላ ትቆያለች። በርዷት መስሎኝ ጋቢዬን አለብሳት ነበር።

ከድሬሰሩ ወጥቼ በቀጥታ ጋሽ ጴጥሮስ ዘንድ ሄድኩ። «ለልጆቼ መርዶ ይንገሩልኝ» አልኳቸው። «ለሕፃን መርዶ ይነገራል እንዴ?» አሉኝ። «አላውቅም። ግን ለእኔ እንደነገሩኝ አድርገው ይንገሯቸው፤ የሟች ልጆች ናቸው» አልኩ። እሺ አሉኝ።

እሑድ ማለዳ መጡ። እናትሽም ከገዘር መጡ። ልጆቹን ፊታቸውን አሳጥቤ አግዳሚው ላይ አስቀመጥኳቸው። ጋሽ ጴጥሮስ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ልክ ለትልቅ ሰው እንደሚናገሩ፣ ሳያለባብሱ ነገሯቸው። እናትሽ ስምሽን ጠርተው ጮሁ። ኢያሱ ሮጦ ጉያቸው ገባ። ሩት ግን አላለቀሰችም። መጀመሪያ ዘወር ብላ የኔን ፊት አየች፤ ከዚያ እጄን ያዝ አድርጋ «አይዞህ አባዬ» አለችኝ።

ለካ ታውቅ ኖሯል! ያረፍሽ ሰሞን ነሪ ወንዝ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ሲያወሩ ሰምታለች። «ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት። «ላንተ ገና አልተነገረህም ብዬ ነዋ። ጥቁር አልለበስክ፣ አላለቀስክ። ማታ ማታ እንደ እማዬ ደረትህን ሳዳምጥ ምንም አይልም። መርዶ ደግሞ በልጅ አይነገርም፤ ትልልቆቹ እስኪነግሩህ ጠበቅሁ።» ስምንት ወር ሙሉ ብቻዋን ይዛው! እኔ ከሷ ስደብቅ፣ ለካ እሷ ናት እኔን ስታስታምመኝ የከረመችው።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ያኔም አላለቀስኩም። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኔ የአግዳሚው እግር መወላገዱን እያየሁ ተቀምጬ ነበር። አፈርኩ፣ ግን ምንም አልመጣልኝም።

ሲመሽ ሰዉ ሄደ። እንደ ልማዴ ደፉ ላይ ላነጥፍ ስል ኢያሱ ካልጋው ሆኖ «አባዬ፣ በሩን ቀርቅረው። ጅብ ይገባል» አለኝ።

ተነስቼ ሄድኩ። መቀርቀሪያው ስምንት ወር ሳይነካ ዝጎ እምቢ አለኝ፤ በመዶሻ መታሁት። ገጭ ብሎ ገባ። እዚያው በሩን ተደግፌ አለቀስኩ፣ ማርታዬ። እንደ ሕፃን ነው ያለቀስኩት። ሩት ተነስታ መጥታ ጆሮዋን ደረቴ ላይ አደረገችና «አሁን ልብህ ሰምቷል» አለች።

ትናንት ኢያሱን ሆዱን አመመው። የአውሮፕላን ቀን አልነበረም፤ ማንጎ በልቶ በልቶ ነው። ጆሮዬን ለጠፍኩና «ማንጎው በዛብኝ፣ እናትህ ብትኖር ይህን ሁሉ አታበላኝም ነበር ይላል» አልኩት። ሳቀ፣ ማርታ! ከዚያ ስላንቺ ጠየቀኝ፤ እንቅልፍ እስኪወስደው ነገርኩት።

እዚህ ቤት ስምሽን ዳግመኛ አልደብቅም። ባመማቸው ጊዜ ሁሉ አንቺ ታደርጊ የነበረውን አደርጋለሁ፤ ከማን እንደተማርኩትም እነግራቸዋለሁ። አሁን ሁለቱም ተኝተዋል። በሩን ቀርቅሬዋለሁ። አንቺ ከኛው ጋር ውስጥ ነሽ።

የሩትና የኢያሱ አባት